የሚስተር ኤርል አተር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤቲ ለዶሮዎቿ መኖ ልትገዛ ስትሄድ እኔንም አስከትላ ወሰደችኝ። ሞንትቤሎ ያለው ቤቷ ጓሮ ውስጥ ስድስት ዶሮዎች አሏት። ዴንቨር ተወልዳ ያደገች ልጅ ዶሮ ገዝታ፣ ለእያንዳንዷ ስም አውጥታ፣ በብርድ ጊዜ አምፖል ታበራላቸዋለች። የመደብሩን በር ገና እንደከፈተችው የተፈጨ በቆሎና የአኩሪ አተር ፋጉሎ ሽታ ከሞላሰስ ጋር ተደባልቆ ፊቴ ላይ መጣ፤ እኔም በሩ ላይ ተገትሬ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ብሎኝ ነው ያለፈው። ቤቲ «ዳድ፣ አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳትና ክፍት ከነበረው በርሜል ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አንድ እፍኝ በቆሎ አወጣሁ፤ አሸተትኩት፣ አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኳት። «ይሄን እንዳትገዢ፣ እርጥበት አለው» አልኳት። «ሃው ዱ ዩ ኢቭን ኖው ዛት?» ብላ ሳቀች። «የእህል ነጋዴ ልጅ አይደለሁ እንዴ!» አልኳት። ይህ እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ ለእሷም ሆነ ለእናቷ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

አሜሪካ በመጣሁ ሰሞን አራት ወንዶች ሆነን ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ብር ብዙም አይዘልም (እኛ ዶላሩን ያኔም ዛሬም ብር ነው የምንለው)፤ ጥግ ላይ ያለችው ዶናት ቤት ደግሞ ቡናና ሁለት ዶናት ይዘህ ወጥተህ ከአንድ ብር መልስ ትቀበላለህ። ኤርፖርቱ ገና ከተማው ውስጥ ስለነበር አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ታክከው ሲያልፉ ወሬያችንን አቋርጠን እንጠብቃለን፤ ካለፉ በኋላ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ዛሬ ባለቤቴ ስንዱና እኔ የምንኖርበት ሎውሪ የወታደር ሰፈር ነበር፤ በር ላይ ዘብ ቆሞ፣ እኛ ቀና ብለን ሳናይ ነበር የምናልፈው። አለባበሳችንማ! እኔ ቡናማ ኮርዶሮይ ጃኬት ነበረኝ፣ አንገትጌው እስከ ትከሻዬ የሚደርስ፤ ክረምት ከበጋ እሱ ነው። አፍሮዬን ለማበጠር ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ሌሎቹ ሽንት ቤት ለመግባት እየጠበቁ በሩን ይደበድቡ ነበር። ከአገር ቤት የመጣች አንዲት ካሴት ነበረችን፤ ብዙ ከመደመጧ የተነሳ ክሯ ተንዘላዝሎ ዘፋኟ በመሃል ድምፅዋ እንደ ወንድ ይወፍር ነበር። እኛም አብረናት ድምፃችንን እናወፍር ነበር። አሁን ያ ዶናት ቤት የነበረበት ጥግ የእኛ ሰው ሱቅ ሆኖ ሽሮ በአምስት ዓይነት ተደርድሮ ይሸጣል፤ ያኔ ግን ሽሮ ማለት አንድ ሰው ከአገር ቤት ሲመጣ በሻንጣ ጥግ የሚገኝ፣ በሾርባ ማንኪያ የሚከፋፈል ነገር ነበር።

የቤታችን ታላቅ ጋሽ መንገሻ ነበሩ። በእድሜ ሃያ ዓመት ያህል ይበልጡናል፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለው ስለነበር በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ምግብ የሚያበስሉልን እሳቸው ናቸው። አራታችንም ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለእያንዳንዳችን ካላጎረሱ እጃቸው ወደ አፋቸው አይሄድም። እኔ አባቴን በጊዜ ያጣሁ ሰው ነኝና ያቺን ጉርሻ ምን ያህል እጠብቃት እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሆቴል ሳህን አጣቢነት በተቀነስኩበት ክረምት ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የእርሻ ሠራተኛ ይፈለጋል የሚል ወረቀት አየሁና አድራሻውን ይዤ በአሮጌ መኪናዬ ከከተማ ወጣሁ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መንገዱ ጠጠር ከሆነ በኋላ፣ ረጅም ቆርቆሮ ቤት ጋ ደረስኩ። በሩ ሲከፈት አሳማ ነው! አንድ ሳይሆን ሦስት መቶ። በሕይወቴ ቀርቤ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ቤት ስሙ እንኳ ሲጠራ ከአፍ የሚተፋበት እንስሳ ነው። ልመለስ መኪናዬን ካስነሳሁ በኋላ ባለቤቱ ሚስተር ኤርል፣ ዳሌውን የሚያመው ቀጭን ሽማግሌ፣ እያነከሰ መጥቶ በመስኮት ወፍራም የሥራ ጓንት ሰጠኝ። «ብርድ ነው፣ መጀመሪያ ግባና ሙቅ» አለኝ። ገባሁ። (በእንግሊዝኛ ብቻ ያወቅኩት ሰው ስለሆነ አንቱ ልለው ብሞክርም አይመጣልኝም።)

ውስጥ ሁለት እፍኝ በቆሎ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የቱን ትገዛለህ አለኝ። ለቀልድ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ አባቴ ቢቸና ላይ የታወቀ የእህል ነጋዴ ነበር፤ እህል ከጆንያው አናት ሳይሆን ከሆዱ እንደሚታይ፣ እጅ እስከ ክርን ገብቶ ሙቀት ካገኘ እህሉ መታመሙን፣ ፍሬው በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ካላለ እርጥብ መሆኑን ገና ሳልጎረምስ አስተምሮኛል። አንደኛውን አሽትቼ «ይሄ ሻጋታ ሊጀምረው ነው» አልኩት። ሚስተር ኤርል ወደ አፍንጫው ወሰደው፣ ምንም አልሸተተውም። በአራተኛው ቀን ግን በርሜሉ ውስጥ አረንጓዴ ወጣበት። ሻጋታ በቆሎ እርጉዞቹን አሳማዎች ያስወርዳቸዋል፤ የሰውየው የዓመት ድካም ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህል መኪና ሲመጣ እኔ እጄን ሳላስገባ አይራገፍም። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

መኖ አመጣጠኑን ያስተማረኝም እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሎ በጠመኔ ይጽፍልኛል። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፣ ያሰባል፤ ሥጋ የሚገነባው ነገር ግን ይጎድለዋል። ያንን አኩሪ አተር ይሞላዋል፤ ጥሬውን ከሰጠሃቸው ግን ሆዳቸው አይፈጨውም፣ በእሳት ያለፈ ፋጉሎ መሆን አለበት። የእኛ አተር ደግሞ መሃል ላይ ያለ ነው፤ በቆሎ የጎደለውን ይይዛል፣ እሱ የጎደለውን እህሉ ይይዝለታል። ከዚያ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ለአጥንት፣ ጨው፣ ቫይታሚን። ለምታጠባ ሌላ፣ ለእርጉዝ ሌላ፣ ጡት ለጣለ ግልገል ሌላ። እርጉዟ ከወፈረች ምጥ ይጠናባታል፣ ስለዚህ ለእሷ ፉርሽካና ሣር ይጨመራል። አንድ ቀን ይህን ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። ምን ያስቅሃል አለኝ። አገሬ በጾም ጊዜ እህሉን በእንጀራ፣ አተርና ሽምብራውን በሽሮ አድርገን አብረን እንደምንበላ ነገርኩት። ጠመኔውን አስቀምጦ ስንት ቀን ትጾማላችሁ አለኝ። ሁዳዴን ብቻ ሃምሳ አምስት ቀን ስለው ቆቡን አወለቀ። «ይሄንን የቀመረላችሁ ሰው የዋዛ አይደለም» አለ።

ቤት ግን የምሠራው ከብት እርባታ ነው ብዬ ነበር። ልብሴን እርሻው ላይ ቀይሬ፣ ታጥቤ፣ ኮርዶሮይ ጃኬቴን ለብሼ ነው የምመለሰው፤ ሽታው ግን ጸጉር ውስጥ ይቀራል። ሁለቱ ጓደኞቼ አፍንጫቸውን ይዘው ሲስቁብኝ ጋሽ መንገሻ ይቆጧቸዋል። «የከብት ሽታ ምን ይሆናል? በረከት ነው» ይሉ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። ብናገር ከዚያ ትሪ የምነሳ ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ከአገር ቤት የመጣ ሰው ጠፋና ሽሮው በመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። ጋሽ መንገሻ ድንችና ጎመን ሲያፈራርቁብን እኔ ለሚስተር ኤርል ነገርኩት፤ እሱም ገና ያልተፈጨ፣ ምንም መድኃኒት ያልነካው አንድ ጆንያ ደረቅ አተር መኪናዬ ላይ ጫነልኝ። «ከእርሻው ነው» አልኩ ቤት ስገባ። ውሸት አልነበረም። ጋሽ መንገሻ አተሩን ለቅመው፣ በብረት ድስት ቆልተው፣ ከክተው፣ በቡና መፍጫ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፈጩት። እንዲህ ያለ ሽሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በልቼ አላውቅም። ደስታቸው ከቤት አልፎ እሁድ እሁድ ከአሜሪካኖች በተከራየነው አዳራሽ ለምናደርገው ጸሎት በትልቅ ድስት ሠርተው ወሰዱት፤ ስልሳ የሚሆን ሰው በላ፤ እናቶች እየመረቁኝ ግንባሬን ሳሙኝ። ከሰልፉ ውስጥ ስንዱ ነበረች፤ ነጭ የነርስ ረዳት ጫማዋን እንዳደረገች ከሥራ በቀጥታ መጥታ። ሳህኗን ይዛ ተመልሳ «አተሩን ያመጣኸው አንተ ነህ አሉ፤ ትንሽ ይጨመርልኝ» አለችኝ። እኔ አለቀልኝ።

ስንዱ የምትኖረው ሞንትቤሎ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነበር፤ ሰውየው ኮስታራ ነው፣ ያለ ሽማግሌ የሚሆን ነገር የለም። ጋሽ መንገሻን ለመንኳቸው፤ ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ እሁድ ሽማግሌ ሆነው ሊሄዱልኝ ቃል ገቡ። ያን ሰሞን መኖ ሳዋህድ እንኳ እዘፍን ነበር።

ታዲያ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ጋሽ መንገሻ ለሰሞነ ሕማማት የሚሆን አተር ራሳቸው ሊገዙ፣ እግረ መንገዳቸውንም ሰውየውን ሊያመሰግኑ፣ ሳይነግሩኝ፣ ከጆንያው ላይ ባዩት አድራሻ በታክሲያቸው እርሻው ድረስ መጡ። እኔ አካፋ ይዤ ከገንዳው አጠገብ ቀና ስል አየኋቸው፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አሳማዎቹን እያዩ። ሚስተር ኤርል አባቴ መስለውት እያነከሰ ሄዶ እጃቸውን ጨበጠ። «ልጅህ እንደ እሱ መኖ የሚያውቅ ሰው አላየሁም» አላቸው። ቀጥሎም የአተሩን ክምር አሳያቸው፣ አሳማዎቹም ምን ያህል እንደሚወዱት በደስታ አስረዳቸው። ጋሽ መንገሻ እንግሊዝኛ በደንብ ይሰማሉ። አመሰግናለሁ ብለው ወደ ታክሲያቸው ሄዱ።

በማግስቱ ማዕድ ሲቀርብ የራሳቸውን ሳህን ይዘው ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ጨጓራዬን ትንሽ አሞኛል» አሉ ለሁለቱ ልጆች። አላጋለጡኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ግን ከትሪው አልቀረቡም።  ለፋሲካ ከሌላ ስቴት ቄስ ሲመጡ ጋሽ መንገሻ ጥግ ይዘው ሲያዋሯቸው አየሁ። ሰኞ ጠዋት ቤቱ ባዶ ሲሆን ጠሩኝ።

«ደምሴ፣ የአተሩን ነገር አባን ጠየቅኳቸው። ‹አተሩ ምን አጠፋ? ከምድር የበቀለ ነው፤ ለማንም ይከመር ለማን አተር ነው› ብለው ሳቁብኝ። እሱ አለቀ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

«ስለ ውሸትህ ግን አልጠየቅኳቸውም፤ ያ የእኔና ያንተ ነው። እሁድ ወንድሟ ቤት ቆሜ ‹የልጁ ሥራ ምንድነው?› ስባል ምን ልበል? እኔ ሽማግሌ ሆኜ አልዋሽም።»

 እኔ አራት ቀን አሰብኩ። ማሰብ ካሉት ነው፤ የፈራሁ ነበርኩ። ወንድሟ «አሳማ ጠባቂ» ሲል ከንፈሩን ሲያጣምም በዓይኔ ይታየኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት መሃል ከተማ መኪና ማቆሚያ ሥራ አገኘሁ። ዓርብ እርሻው አልሄድኩም። ልክ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሚስተር ኤርል ዳሌውን ሊያሠራ ሆስፒታል የሚገባበት ቀን ተቆርጦ፣ አሥራ አንድ እርጉዝ አሳማ ሊወልዱ ደርሰው፣ መኖውን ሁሉ በእኔ ላይ ጥሎት ነበር። ስልኩ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጮኸ። ሁለቱ ልጆች ሲያነሱ የለም በሉ አልኳቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሚስተር ኤርል ፒክአፕ መኪና ከታች ቆመ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አየዋለሁ። ከኋላ ጆንያ አውርዶ በትከሻው አደረገና የብረቱን ደረጃ፣ አንድ እግሩን እያስቀደመ፣ ሁለተኛውን እየጎተተ መውጣት ጀመረ። መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ። ጋሽ መንገሻ ከሥራ ሲመለሱ እዚያው ደረጃ ላይ አገኙት፤ ጆንያውን ተቀበሉት፣ አብረው በር ድረስ መጡ። ከበሩ ጀርባ ድምፁ ይሰማኛል። ታምሞ ይሆን ብዬ ነው አላቸው። ከታመመ ሥራው ይጠብቀዋል በሉት አላቸው። ጾማችሁ መቼ እንደሚያልቅ ስለማላውቅ አተር ይዤ መጣሁ አላቸው። ጋሽ መንገሻ ጆንያውን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩ። ከዚያ «እቤት የለም» አሉት። ደረጃውን ሲወርድ እርምጃውን ቆጠርኩ።

ጋሽ መንገሻ ገብተው ጆንያውን መሬት አስቀመጡ። «ስለ አንተ ብዬ ዋሸሁ» አሉኝ፤ ድምፃቸው አልጨመረም።

እሁድ ወንድሟ ሥራዬን ሲጠይቃቸው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራል አሉ፤ እውነት ነው። ሲመለሱ እሺ ብለውናል፣ እንኳን ደስ ያለህ ብለው አቀፉኝ፤ ማታ ደግሞ ወደ ትሪው ተመለሱና በእጃቸው አጎረሱኝ። ጎርሼ ሳልጨርስ ግን እንዲህ አሉኝ፤ «እኔ እኮ ሥራውን ተው አላልኩህም። ለወንድሟ የምነግረውን ሁሉ አሰናድቼ ነበር። እጁን አስገብቶ እህል የሚያክም ልጅ ነው፣ ሰውየው እንደ ልጁ ያየዋል ልል ነበር።» ያንን አተር በዓለ ሃምሳው ካለፈ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እስኪያልቅ በላነው። ጋሽ መንገሻ ካረፉ ስንት ጊዜያቸው፤ እስከ መጨረሻው ለማንም አልተናገሩም።

ዛሬ እርሻው የነበረበት ቦታ መጋዘን ብቻ ሆኗል። ታክሲ ስነዳ ተሳፋሪ ኤርፖርት አድርሼ አንድ ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አይቼዋለሁ፤ የጠጠሩ መንገድ አስፋልት ሆኖ የቆርቆሮው ቤት የቱ ጋ እንደነበር እንኳ መለየት አቃተኝ። ሚስተር ኤርል ከዳሌው ተሽሎት ይሁን፣ አሥራ አንዱ አሳማዎች በሰላም ተገላግለው ይሁን፣ አላውቅም። ሰው ስለ ድሮው ሲያወራ ስለ ወጣትነቱ ነው የሚባለው ልክ ይሆናል፤ እኔን ግን የሚናፍቀኝ ያ ጠመኔ ነው፣ ያ ሰሌዳ፣ ጠዋት ስገባ «ደምሴ፣ ዛሬ እህሉ ምን አለህ?» የሚለኝ ሽማግሌ።

ቅዳሜ ከቤቲ ጋር መኖውን አራግፈን ቤቴ ስመለስ ስንዱ ቲቪ እያየች ጉልበቷን በቅባት ታሻለች። ምን ሆነሃል፣ ፊትህ ልክ አይደለም አለችኝ። ቲቪውን አጥፊው አልኳት። ጃኬቴን ሳላወልቅ አጠገቧ ተቀምጬ ከቆርቆሮው ቤት ጀምሬ እስከ ደረጃው ነገርኳት። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ትቆጣለች፣ ወይ ደግሞ ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ።

«እኔም ያንን አተር በልቼዋለሁ ማለት ነው» አለች።

«ሁለት ጊዜ አስጨምረሽ።»

ከንፈሯ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣና ሄደ። የቅባቱን ክዳን ቀስ ብላ ገጠመች። «ከዚያስ» አለችኝ፣ «ሰውየውን በስልክም ቢሆን፣ በደብዳቤም ቢሆን፣ ተሰናበትከው?»

ይህን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። ብዙ ምክንያት አፌ ላይ መጣ፤ ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ አንቺን ላጣ ነበር። አንዱንም አላልኩም።

«አልተሰናበትኩትም» አልኳት።